«ተረጋግተዋል» ሲሉሽ አትረጋጊ

ጥያቄው፦ «አባቴ 83 ዓመታቸው ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ከዚያ በኋላ ብቻቸውን መኖር ስላልቻሉ ከ24 ቀን በፊት የአረጋውያን መጦሪያ አስገባናቸው። ወንድሜ ‹እግርዎ እስኪድን ነው› ብሏቸዋል። እኔ በየቀኑ ከሥራ ስወጣ እሄዳለሁ። ባዩኝ ቁጥር ‹ወደ ቤቴ ውሰጂኝ› ይላሉ፤ ልሄድ ስነሣ ያለቅሳሉ። ሠራተኞቹ ‹እንዲለምዱ ለ2 ሳምንት አትምጪ› አሉኝ። ምግብ አዳራሹ አይሄዱም፣ ክፍላቸው ውስጥ ነው የሚበሉት። ከ4 ቀን ወዲህ ደግሞ ዝም ብለዋል። ማልቀሱንም ትተዋል፣ ቀኑን ሙሉ ይተኛሉ። ሠራተኞቹ ‹ተረጋግተዋል፣ እየለመዱ ነው› ይላሉ። ልቅር ወይስ ልሂድ? ስለ ቤታቸው ሲጠይቁኝስ ምን ልበላቸው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ልቅር ወይስ ልሂድ ያልሽው ትንሽ ሊቆይ ይችላል። ስለ ቤታቸው ምን ልበል ያልሽውም ይቆያል። «ከ4 ቀን ወዲህ ዝም ብለዋል» ያልሽው ግን አይቆይም።

በአረጋውያን ነርስነት ከ20 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ብዙ ሰው ሲለምድ አይቻለሁ። ሲያለቅስና ሲቆጣ የሰነበተ ሰው በአንድ ሌሊት ጸጥ ብሎ አይለምድም። የሚለምድ ሰው መጀመሪያ ይነጫነጫል። ከዚያ ሾርባው ጨው የለውም ይላል። ከዚያ ጎረቤት ክፍል ያለውን ሰውዬ ያማል። ከዚያ አንድ ቀን ልትጠይቂው ገብተሽ ወንበር ስትስቢ «እዚያ አትቀመጪ፣ የእገሌ ቦታ ነው» ይልሻል። ያን ቀን ለምዷል። ቀኑን ሙሉ ፊትን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛት ግን ሌላ ስም አለው።

ስሙ ዴሊሪየም ሊሆን ይችላል። ድንገት የሚመጣ የአእምሮ መደናገር ነው። በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጀምራል፣ በአንድ ቀን ውስጥም ከፍና ዝቅ ይላል። ጠዋት ደህና ያወሩሽ ሰው ማታ የት እንዳሉ ይጠፋባቸዋል። ሰው የሚያውቀው ጯሂውን ዓይነት ነው፤ የሌለ ነገር የሚያየውን፣ ከአልጋ ካልወረድኩ የሚለውን። ጸጥ ያለም አለ። ታማሚው ይፈዛል፣ ይተኛል፣ ሲጠሩት ዘግይቶ ይመልሳል፣ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ይተወዋል። ማንንም ስለማያስቸግር ማንም አያየውም። አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው። ከበስተጀርባው ብዙውን ጊዜ የሚታከም ነገር አለ፦ የሽንት ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት፣ አልወጣ ያለ ሽንት፣ የውሃ ማነስ፣ ያልታወቀ ሕመም፣ አዲስ መድኃኒት። በቅርቡ ዳሌያቸው የተሰበረና ቀዶ ሕክምና ያደረጉ የ83 ዓመት ሰው ለዚህ ከሚጋለጡት ግንባር ቀደም ናቸው።

ስለዚህ ዛሬውኑ ሂጂ። ለሠራተኞቹ «ብዙ ይተኛሉ» ብቻ አትበያቸው። አረጋዊ ቢተኛ ማን ይደንቀዋል? እንዲህ በያቸው፦ «ይህ የአባቴ ጠባይ አይደለም። ከ5 ቀን በፊት እንዲህ አልነበሩም። ዛሬ ሐኪም እንዲያያቸው እፈልጋለሁ።» «ከ5 ቀን በፊት እንዲህ አልነበሩም» የምትለዋን አትርሺ። ለእኛ ለባለሙያዎቹ ትልቁ መረጃ እሱ ነው። ሠራተኞቹ ያወቋቸው 24 ቀን ነው። አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ ታውቂያቸዋለሽ።

አጠገባቸው ተቀምጠሽ የሳምንቱን ቀናት ከእሑድ ጀምረው ወደ ኋላ እንዲቆጥሩልሽ ጠይቂ። እሑድ፣ ቅዳሜ፣ ዓርብ እያሉ። መሳሳታቸው ብቻ በሽታን አያረጋግጥም። ነገር ግን ከወር በፊት በቀላሉ ሊቆጥሩት ይችሉ የነበሩ ሰው አሁን መሐል ላይ ከጠፋባቸው፣ ወይም ምን እንደጠየቅሻቸው ከረሱ፣ ለሐኪሙ ንገሪው። ከዚያ ነርሷን ጥቂት ነገር ጠይቂ። በመጨረሻ ሰገራ የወጡት መቼ ነው? በቀን ስንት ብርጭቆ ይጠጣሉ? ትኩሳት ተለክቷል? ሲነሡ ፊታቸው ይጨማደዳል? ብዙ ትልልቅ ሰዎች «ያመኛል» አይሉም፤ «ምንም አይል» ነው የሚሉት። የውሃ ጥምም በዕድሜ ይቀንሳል። አልጠማኝም ማለታቸው ጠጥተዋል ማለት አይደለም።

የመድኃኒቱን ዝርዝር በወረቀት ጠይቂ። ከሆስፒታል ሲወጡ ከነበረው ጋር አስተያዪው። የጨመረ ነገር ካለ መቼ እንደተጀመረ እይ። ማታ ማታ የሚያለቅሱ ሰው ናቸውና አንድ ደግ ሰው የእንቅልፍ ኪኒን አስጽፎላቸው ሊሆን ይችላል። ይህን የምለው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። በብዛት ስለሚያጋጥም ነው። አረጋውያን ሊጠነቀቋቸው የሚገቡ መድኃኒቶችን የያዘው ቢርስ የሚባለው ታዋቂ ዝርዝር መጀመሪያ በ1991 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የተዘጋጀው በትክክል እንደ አባትሽ ላሉ፣ መጦሪያ ቤት ለሚኖሩ ሰዎች ነበር። የእንቅልፍና የማረጋጊያ ኪኒኖች እዚያ ዝርዝር ውስጥ አሉ። ማደናገርም፣ መጣልም ያመጣሉ። ብቻ በራስሽ እንዳታስቆሚ። አንዳንዶቹ በአንዴ ሲቆሙ ራሳቸው ጣጣ ያመጣሉ። ሐኪሙ ይወስን።

መተኛቱ ራሱም ይጎዳል። በ2007 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ትንሽ ጥናት ላይ ጤነኛ አረጋውያን 10 ቀን አልጋ ላይ ብቻ ቆዩ። ከእግራቸው ብቻ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ አጡ። ልብ በይ፣ እነዚያ ጤነኞች ነበሩ፣ ምግባቸውንም ይበሉ ነበር። አባትሽ ከቀዶ ሕክምና የወጡ ናቸው። ፊዚዮቴራፒ ተጀምሮላቸው ከነበረ ቀጥሏል ወይ ብለሽ ጠይቂ። ቦታ ሲቀየር ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።

ሐኪሙ መርምሮ ምንም ካላገኘ ደግሞ ድብርትን ማሰብ ያስፈልጋል። ሚስት፣ ቤት፣ እግር፤ ሦስቱንም በአጭር ጊዜ አጥተዋል። ማልቀስ ያቆመ ሐዘን ሁሉ የተጽናና ሐዘን አይደለም። ምግብ ከቀነሱ፣ የሚወዱትን ነገር ከጠሉ፣ «ምን አደርጋለሁ ከእንግዲህ» ካሉ፣ ይህም 2 ሳምንት ከሞላ፣ «በዚህ ዕድሜ ማን አይከፋውም» ብለሽ አትለፊው። በ83 ዓመትም ድብርት ይታከማል። ስለ መሞት በግልጽ ካወሩ ደግሞ 2 ሳምንቱን አትጠብቂ፤ ያኑ ዕለት ለሐኪም ንገሪ።

እሺ። አሁን ወደ ጠየቅሽው።

አትቅሪ። «ለ2 ሳምንት አትምጪ» የሚለው ምክር የቆየ ነው። ከመዋዕለ ሕፃናት የመጣ ይመስለኛል፤ ሕፃኑ እናቱን ካላየ ቶሎ ዝም ይላል እንደሚባለው። አባትሽ ሕፃን አይደሉም። ሠራተኞቹን ክፉ አላደርጋቸውም። አንቺ ከወጣሽ በኋላ የሚያባብሉት እነሱ ናቸው፣ ያ ቀላል አይደለም። ግን አንቺ ስትቀሪ የሚቀለው የእነሱ ሥራ ነው፤ የአባትሽ ልብ አይቀለውም። ሰው በሰው ላይ ያጡ አባት ልጃቸውንም ለ2 ሳምንት ሲያጡ «ጣሉኝ» ነው የሚሉት።

በየቀኑ ከሥራ መልስ መሄዱንም ግን አልወደድኩትም። አንደኛ፣ ሰዓቱ መጥፎ ነው። አመሻሽ ላይ አረጋውያን ይደክማሉ፣ ሆድ ይብሳቸዋል፣ የሚረሱትማ ይበልጥ ይደናገራሉ። አንቺም ደክመሽ ነው የምትደርሺው። ሁለተኛ፣ እስከ መቼ ትችዪዋለሽ? ከ2 ወር በኋላ ልጅ ይታመማል፣ ሥራ ይበዛል፣ መቅረት ትጀምሪያለሽ። ይህ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው።

የከፋው የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሪቻርድ ሹልዝ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1976 እ.ኤ.አ. ያሳተመው አንድ ሙከራ አለ። የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ያሉ ሰዎችን የኮሌጅ ተማሪዎች እንዲጠይቋቸው አደረገ። አንደኛው ቡድን ጠያቂው መቼ እንደሚመጣና ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ራሱ ይወስናል። ሁለተኛው አይወስንም፣ ግን መቼ እንደሚመጣ አስቀድሞ ይነገረዋል። ሦስተኛው ጋ ድንገት ነው የሚመጡት። አራተኛው ጠያቂ የለውም። የወሰኑትና አስቀድመው የተነገራቸው ከሌሎቹ በጤናም በመንፈስም ተሻሉ። የሚገርመው በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም። ሰዓቱን ማወቅ ብቻ እንደ መወሰን ያህል ጠቀመ። ድንገት የተጠየቁት ግን ተመሳሳይ ብዛት ያለው ጠያቂ ቢመጣላቸውም ያን ያህል አልተጠቀሙም። ጥናቱ ሲያልቅ ተማሪዎቹ ቀሩ። ሹልዝ በኋላ ተመልሶ ሲያይ ተሽሏቸው የነበሩት ወደ ታች ወርደው ነበር። የተሰጠ ነገር ተነጠቀባቸዋ።

እኔ ከዚህ ወስጄ ለቤተሰብ ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው። ዓመቱን ሙሉ የምትችዪውን ያህል ብቻ ቃል ግቢ፤ የገባሽውን ግን አትዝለዪ። ሳምንት 3 ቀን ከሆነ 3 ቀን፣ ሰዓቱም ያው ሰዓት። ከተቻለ አንዱ ቀን የዕረፍት ቀንሽ ጠዋት ይሁን። ቀኖቹን በትልቅ ፊደል ጽፈሽ ከአልጋቸው ፊት ለፊት ለጥፊ። በቀሩት ቀናት በተወሰነ ሰዓት ስልክ ደውዪ፣ 5 ደቂቃ ይበቃል። ወንድምሽም የራሱ ቀን ይኑረው፤ ሁለታችሁ እሑድ አብራችሁ መጥታችሁ እስከ ረቡዕ መጥፋት አይጠቅምም። መምጣት ካልቻልሽ ከሰዓቱ በፊት ንገሪያቸው፣ በኋላ አይደለም። ይህ ሁሉ እንግዲህ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ነው። ይህ ሳምንት ከሕጉ ውጪ ነው። ተደናግረው ከሆነ የሚያውቁት ፊት በየቀኑ ማየታቸው ራሱ ሕክምና ነው።

ስትሄጂ ምን ትሠሪያለሽ? ብዙ ሰው አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጥና «እንዴት ነዎት? ደህና ነዎት? በሉ? ተኙ?» ይላል። 10 ደቂቃ ሳይሞላ ጥያቄው ያልቃል። ከዚያ የሚቀረው ለቅሶ ነው። አንድ ሥራ ይዘሽ ሂጂ። ጥፍራቸውን ቁረጪላቸው። ፎቶዎች በካርቶን ይዘሽ ሄደሽ ከኋላቸው ማን እንደሆነ እንዲያጽፉሽ አድርጊ። በስማቸው የመጣ ደብዳቤ ካለ ሳትከፍቺ ውሰጂላቸው። ሐኪሙ ከፈቀደ ኮሪደሩ ጫፍ ድረስ አብራችሁ ሂዱ። ምክር ጠይቂያቸው፤ እውነተኛ ምክር፣ የሚያስፈልግሽን። 40 ደቂቃ እንዲህ ብታሳልፊ ሁለት ሰዓት ከመተያየት ይሻላል።

መሰነባበቱ ላይ ሾልከሽ አትውጪ። «ሽንት ቤት ደርሼ መጣሁ» ብለሽ መጥፋት አንድ ቀን ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ዓይናቸው ከበሩ አይነቀልም፣ ገና ስትገቢ ጀምሮ መውጣትሽን ነው የሚጠብቁት። ምግብ ሊቀርብ ሲል ወይም ሌላ ነገር ሊጀመር ሲል ተነሺ። አንዴ ብቻ ንገሪያቸው፦ «አባባ፣ አሁን ልሂድ። ማክሰኞ በዚሁ ሰዓት እመጣለሁ።» ሳሚያቸውና ውጪ። በር ላይ ቆሞ ሦስት ጊዜ መመለስ ለሁለታችሁም ስቃይ ነው። ያለቅሱ ይሆናል። በማግሥቱ ሠራተኞቹን «ምን ያህል ቆዩ?» ብለሽ ጠይቂ። ብዙ ጊዜ መልሱ «አንቺ ከወጣሽ በኋላ ትንሽ ቆይተው ተዉት» ነው። አንቺ ግን የምታስቢው ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅሱ ነው።

አሁን «ወደ ቤቴ ውሰጂኝ»።

ሦስት የማይሠሩ መልሶች አሉ። «ቤትዎ እኮ አሁን እዚህ ነው»፤ ይህ ያስቆጣቸዋል፣ እውነታቸውንም ነው። «ነገ እንሄዳለን»፤ ነገ ይመጣል። «አይቻልም ብለናል እኮ!»፤ ይህ ደግሞ በራቸውን መዝጋት ነው። ከመልስ በፊት ጠይቂ። «አሁን ቤት ቢሆኑ ምን ይሠሩ ነበር?» በያቸው። በጣም ብዙ ጊዜ መልሱ ከቤቱ ያነሰ ነገር ነው። የሚቻል ነገር ነው።

አንድ የተንከባከብኳቸው አዛውንት ነበሩ። ማታ ማታ በ3 ሰዓት ተነሥተው ካልሄድኩ ይላሉ። በሩን ይነቀንቃሉ። አንድ አዲስ የገባች ተንከባካቢ ይህን ጥያቄ ጠየቀቻቸው። «በሬን እቆልፍ ነበራ!» አሏት። 40 ዓመት ሙሉ ቤተሰቡ ሲተኛ ዞረው በር የሚቆልፉት እሳቸው ነበሩ። ከዚያ በኋላ ማታ ከዘበኛው ጋር የውጭውን በር እያዩ እንዲመለሱ አደረግን። ሁለት ደቂቃ ነው። መጥተው ይተኛሉ። በወቅቱ ማረጋጊያ ኪኒን ሊጀመርላቸው እየተወራ ነበር። እኔ ራሴ ከተስማሙት አንዷ ነበርኩ፣ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

የሚቀረው ደግሞ መፍትሔ የሌለው ክፍል ነው። እናትሽ የኖሩበት ቤት ነው የናፈቃቸው። እሱን አታባብዪው። «ቤቱ ናፍቆዎታል። እኔንም ይናፍቀኛል» ማለት ይበቃል። ከዚያ ዝም ብለሽ አብረሽ ተቀመጪ። ሰው አዝኖ ሳለ ሐዘኑን ሊያስጥለው የሚታገል ሰው አይፈልግም።

ወንድምሽ «እግርዎ እስኪድን» ያለው ግን መስተካከል አለበት። ለምን እንዳለው ይገባኛል፤ ፊታቸውን እያየ እውነቱ አልወጣ ብሎት ነው። ችግሩ እግራቸው ሲድን ምን ልትሉ ነው? ከዚያ በላይ ደግሞ ጊዜያዊ ነው ብሎ የሚያምን ሰው አይለምድም። ሻንጣውን አይፈታም፣ ጎረቤቱን አይተዋወቅም። ሆቴል ውስጥ ማን ወዳጅ ያበጃል? ያለው እሱ ነውና የሚያስተካክለውም እሱ ይሁን። እንዲህ ዓይነት ነገር፦ «አባባ፣ እግርዎ እስኪድን ያልኩት ፈርቼ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ብቻዎን መኖር አሁን ያሰጋዎታል። ለአሁን የሚኖሩት እዚህ ነው። ከ3 ወር በኋላ ሐኪሙ ባለበት አብረን ቁጭ ብለን እናየዋለን።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር የምትሉት በእውነት ቁጭ ብላችሁ የምታዩት ከሆነ ብቻ ነው። ይቆጡ። ቁጣው መብታቸው ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ይህን ንግግር አሁን፣ ፈዝዘው በተኙበት ሳምንት አታድርጉት። ራሳቸውን ሲያውቁ ይሁን። አባትሽ ደግሞ የማስታወስ ችሎታቸው የጠፋ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ምክሬ ሌላ ነበር። የተነገረውን ለማይዝ ሰው መርዶን በየቀኑ እንደ አዲስ ማርዳት ጭካኔ ነው። እዚያ ላይ ስሜቱን መመለስ እንጂ እውነታውን ማረም አያስፈልግም።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። መጦሪያ ቤት የገባ ሰው ከሁሉ በላይ የሚያጣው ወሳኝነቱን ነው። መብራቱን የሚያጠፋው ሌላ ሰው ነው። ምሳ የሚበላው ሲርበው አይደለም፣ ሲቀርብ ነው። ገላውን የሚታጠበው ተራው ሲደርስ ነው። ኤለን ላንገርና ጁዲት ሮዲን የሚባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በ1976 እ.ኤ.አ. በአንድ መጦሪያ ቤት ባደረጉት ሙከራ ለአንደኛው ፎቅ ነዋሪዎች «እዚህ የራሳችሁ ኃላፊ ናችሁ» ተባለ፣ ተክል ራሳቸው መርጠው እንዲንከባከቡ ተሰጣቸው፣ ፊልም የሚያዩበትን ምሽትም መረጡ። ለሌላው ፎቅ ተክሉን ሠራተኞቹ ያጠጡለት ነበር። ከ3 ሳምንት በኋላ የመጀመሪያዎቹ ይበልጥ ንቁና ደስተኛ ሆነው ተገኙ። ሰዎቹ 91 ብቻ ስለነበሩ ሁሉን ነገር እዚህ ጥናት ላይ አልሰቅልም። ግን እኔም በዓይኔ ያየሁት ከዚህ አይርቅም።

ስለዚህ ለአባትሽ ውሳኔ መልሺላቸው፤ ትንሽ ትንሹን። የትኛው ሸሚዝ ብቻ አይደለም፤ እሱ የልጅ ምርጫ ነው። ጠዋት ስንት ሰዓት ይቀስቀሱ? በር ሳይንኳኳ ማን መግባት ይችላል? የሚያጥባቸው ወንድ ይሁን ሴት? ይህንን የመጨረሻውን ብዙ ቤተሰብ ማንሣት ያፍራል። አባቶች ግን «ገላዬን አልታጠብም» የሚሉት ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። የቤታቸውን ቁልፍም ከኪሳቸው አታውጪ። ቤቱን መሸጥ ወይም ማከራየት ካለባችሁም ካወቁና ከተነጋገሩበት በኋላ ይሁን። ከሰው ከሰሙት ከእንግዲህ አንድም ቃል አያምኑሽም።

ምግብ አዳራሹን ለምን እንደጠሉት ማንም ጠይቋቸዋል? «ሰው አይወዱም» ተብሎ ይታለፋል። እኔ መጀመሪያ የማየው ጆሮ ነው። የመስሚያ መሣሪያ ካላቸው ባትሪው አለ? ትንንሾቹ ባትሪዎች አንድ ሳምንት ገደማ ነው የሚቆዩት፣ መጦሪያ ቤት ውስጥ ደግሞ ማንም ሳያስተውል ወር ሊያልፍ ይችላል። ከሌላቸው ደግሞ ጆሯቸው በኩክ ተደፍኖ ይሆናል። ሰሃንና ማንኪያ በሚንኳኳበት አዳራሽ የማይሰማ ሰው መቀመጥ ቅጣት ነው። ቀጥሎ ሰው ሠራሽ ጥርስ። ክብደት ሲቀንስ ይላላል፣ ሰው ፊት ሲያኝኩ ይንሸራተታል። ሦስተኛው ወንበር ነው። ይህን ከውጭ የመጣ ሰው አያውቅም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ እያንዳንዱ ወንበር ባለቤት አለው። አባትሽ የመጀመሪያ ቀን የአንዷን እናት ቦታ ይዘው ተቆጥተዋቸው ሊሆን ይችላል። በክራንች ወይም በመራመጃ እየተንገዳገዱ መሐል አዳራሽ ላይ መባረር ለአንድ አባወራ ቀላል አይደለም። ኃላፊዋን «የአባቴ ቋሚ ቦታ የት ነው? ከማን ጋር ይቀመጣሉ?» ብለሽ ጠይቂ። ወሬ ወዳድ ከሆነ ሰው አጠገብ፣ በሚሰማው ጆሯቸው በኩል ያስቀምጧቸው። መጀመሪያ በቀን አንድ ምግብ ብቻ፣ ቁርስ ቢሆን ይሻላል፤ ሰው ይቀንሳል።

ክብደታቸውንም በየሳምንቱ ያስመዝኑልሽ። በ1 ወር ከክብደታቸው 5 በመቶ ከቀነሰ ለሐኪም የሚነገር ነው። 60 ኪሎ ከነበሩ 3 ኪሎ ማለት ነው።

ስለ አባትሽ አንድ ገጽ ጻፊላቸው። የሕክምና ታሪክ አይደለም፣ እሱ ፋይል ውስጥ አለ። ምን ተብለው መጠራት ይወዳሉ? ምን ሥራ ሠርተዋል? በየትኛው ጎን ይተኛሉ? ሲያማቸው ምን ዓይነት ምልክት ያሳያሉ? ስለ ምን ሲወራ ፊታቸው ይበራል? ስለ ምን አይወራ? በአንድ ገጽ ይለቅ፤ ሁለት ገጽ የሚያነብ ተንከባካቢ የለም፣ ጊዜውም የለውም። የሌሊት ተረኞቹ ጋ መድረሱን አረጋግጪ። ብዙው ጭንቀት የሚመጣው በሌሊት ነው፣ ቤተሰብ ግን የሚተዋወቀው ከቀን ሠራተኞች ጋር ብቻ ነው።

የቀረው ክፍላቸው ነው። አልጋው ቤት በነበረበት ጎን ግድግዳ ይጠጋ። በሌሊት የሚነሣ ሰው የሚሄደው በልማድ ነው፤ 50 ዓመት በቀኝ ሲወርድ የኖረ ሰው ግራው ክፍት ሲሆን ግድግዳ ይገጥመዋል። ከአልጋው እስከ ሽንት ቤት ሌሊቱን የሚበራ ደብዛዛ መብራት ይኑር፣ ምንጣፍ ግን አይኑር። አዲስ ነገር ገዝተሽ አታስጊጪው። አዲስ ብርድ ልብስ፣ አዲስ ነጠላ ጫማ፣ አዲስ ሁሉ ነገር ሲሆን ክፍሉ የሌላ ሰው ይሆናል። የራሳቸውን ትራስ፣ የራሳቸውን ሰዓት፣ የሚሰሙትን ራዲዮ ውሰጂ። ሲቀመጡበት የኖሩትን ወንበርም። ሽፋኑ አርጅቷል ብለሽ አትቀይሪው። የመቀመጫው ቁመት ግን ለዳሌያቸው ይስማማ እንደሆነ ፊዚዮቴራፒስቱን ጠይቂ፣ እግሩ የሚነቃነቅ ከሆነም ከመውሰድሽ በፊት አናጺ ያጥብቀው።